የሂክማ ሹካ

ልጅን ገና ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ «ማሠልጠን» የሚወዱ ወላጆች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እዚህ ድሬዳዋ ቤቷ እየሄድኩ የማስጠናት የሂክማ እናት ከእነሱ አንዷ ናቸው። «የከዚራን የመሰለ ሰፈር ልጅ በሹካ ካልበላች፣ ነገ ከትልቅ ሰው ጋር እንዴት ትቀመጣለች?» ይላሉ። ስለዚህ ከታይዋን ገበያ ሹካ ገዙላት፤ ሂክማም ሳምቡሳ መውጋት ጀመረች። አንዱ ሳምቡሳ ዘሎ እኔ ላይ አረፈ። ቀሚሴን ጠረግሁ።

ባለፈው አርብ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ምሳ ጠሩን። ልጆቹ አንድ ትሪ ሩዝ ከበቡ፤ መሃሉ ላይ የፍየል ሥጋ ተከምሯል። ሌሎቹ በእጃቸው ሲዘግኑ ሂክማ በሹካዋ ሩዙን ፍሬ በፍሬ ትለቅማለች። እጀ ፈጣኑ የፋጡማ ልጅ አብዲ ደግሞ የሥጋውን ክምር ዓይኗ እያየ አጎደለው። ሂክማ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁላት። ኩራት ግን ምሳ ይሆናል?

«አብዲ፣ አንተ በሹካ መብላት አትችልም አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«ማን፣ እኔ? አምጪው እስቲ።»

«ወላሂ አትችልም። ሥጋ ሳይነኩ በሩዝ ነው የሚጀመረው።»

አብዲ ሹካውን ተቀብሎ ሩዝ ማሳደድ ያዘ። ሌሎቹም መብላታቸውን ትተው ተራ ጠበቁ። ሂክማ እጇን ወደ ሥጋው ሰደደች።

እናቷ አልተሳሳቱም፤ ሹካ ልጅን ይጠቅማል። ሌላ ልጅ ሲይዘው።