የነፋሱ ጠበቃ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ እሳቸው አሉ። ሁሉም ተስማምቶ፣ ወረቀቱ ተሰብስቦ፣ ወንበር ወደ ኋላ መገፋት ሲጀምር አንድ እጅ ቀስ ብሎ ይነሳል። «አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ» ይላሉ የእጁ ባለቤት። ወንበሮቹ ይመለሳሉ፤ ምሳ ይቀዘቅዛል። በእናንተም መሥሪያ ቤት እኒህ ሰው አይጠፉም። ከጠፉ ደግሞ ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛውን ሰው ከሌሎቹ የሚለያቸው ለራሳቸው ብለው ጠይቀው አለማወቃቸው ነው። እኛ አርክቴክቶች ነን። ሰው ሊያየው እንጂ ሊኖርበት በማይመኘው ቦታ፣ በበረሃው፣ በጨው ሜዳው፣ እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ መሃል፣ የጎብኚ ማረፊያ እንነድፋለን። ቤቱ ብዙ ውሃ እንዳይጠጣ፣ ያለ ጄኔሬተር እንዲቀዘቅዝ፣ አካባቢውን እንዳይጎዳ ስንጨነቅ እንውላለን። ጭንቀታችን ግን ዞሮ ዞሮ ለጎብኚው ነው። እሳቸው የሚሟገቱት ስብሰባው ላይ ላልተጠራው ወገን ነው። «ይሁን፣ ነፋሱስ ምን ይላል?» ይላሉ፣ ነፋሱ በር ላይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ይመስል። እኛም ክቡር ጠበቃ አልናቸው። ስሙን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

ክቡር ጠበቃ ያለ ማስረጃ አይከራከሩም። ማስረጃቸው የቢሮው ቬንትሌተርና አንድ ከረጢት ዱቄት ነው። በካርቶን የሠራነውን ትንሽ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ቬንትሌተሩን ፊት ለፊቱ አዙረው ዱቄቱን ይበትኑታል። ዱቄቱ የተቆለለበት ጥግ ሁሉ ነገ አሸዋ ይቆለልበታል ማለት ነው። እኛ እናስላለን፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ቁልሉን ያጠናሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ቀን መጥረጊያዋን ተደግፋ ስታያቸው ቆየችና «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዱቄት ከሚበትኑት ዳቦ ቢጋግሩልን ምን ነበረበት?» አለቻቸው። አልሰሟትም፤ አንድ መስኮት ሥር ተንበርክከው ነበር።

ቤታቸውም ቢሆን ከችሎቱ አላመለጠም። ባለቤታቸው አንድ ጊዜ ቢሮ መጥተው ብሶታቸውን ነገሩኝ። «ሐይቅ ዳር ላዝናናሽ ብሎ ወሰደኝ። ሰዉ ውሃውን ያያል፣ የእኔ ሰውዬ የሆቴሉን ጣሪያ ሲዞር ይውላል። ፎቶ አንሳኝ ብዬ ለብሼ፣ አጊጬ ቆምኩለት። ቤት ገብተን ፎቶውን ብናየው እኔ በአንዱም የለሁበት! የጣሪያ አሸንዳ፣ አሸንዳ፣ አሸንዳ!» ክቡር ጠበቃ ከኋላ ሆነው «አሸንዳው ግን ተሰንጥቆ ነበር እኮ» አሉ።

ይሄን ሁሉ በሳቅ ባሳልፈው ደስ ባለኝ። ነገር ግን አንድ ቀን ወደ እኔ በር መጡ።

በሩ በአንድ ፓርክ ውስጥ፣ ከተራራ ሥር ባለ ጥቁር የድንጋይ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ማረፊያ የነደፍኩት ነው። ሳሎኑ ወደ ተራራው ወለል ብሎ የሚከፈት፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወት የሆነ ሰፊ በር ነበረው። ከነደፍኳቸው ሁሉ እንደዚያ የወደድኩት የለም። የፓርኩ ኃላፊም ስዕሉን አይተው «በቃ፣ ይሄ ነው!» ብለዋል። ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ሊያጸድቁት በመጡ ቀን፣ ብዕራቸውን ሲያወጡ፣ ያቺ እጅ ተነሳች።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። ይሄ በር ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ተራራው ነዋ፣ ጋሼ!» አልኩ።

«ነፋሱስ የሚመጣው ከየት ነው?»

ስዕሉን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«ከተራራው ነው። እንግዲህ ይሄን በር የሠራኸው ለጎብኚው አይደለም፤ ለደንበኛዬ ነው።»

«ታዲያ ሰው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ከግድግዳ ጋር ይፋጠጥ?» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ቬንትሌተሩን ከነከረጢቱ አምጥተው በካርቶኑ ቤት ፊት አቆሙት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይቸግራል። ዱቄቱ በምወደው በር ገባ፣ ሳሎኑን አቋርጦ በጓዳው ወጣና የፓርኩ ኃላፊ ላይ አረፈ። ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጣ። ቀስ ብለው መነጽራቸውን ጠረጉና «እሺ፣ በሩ ይዙር» አሉ።

የእኔ በር ወደ ጓሮ ዞረ። መግቢያው በሁለት የድንጋይ ግንቦች መካከል የሚጠማዘዝ መተላለፊያ ሆነ። ከዚያ ሁሉ መስታወት የተረፈኝ፣ ተቀምጠው ተራራውን የሚያዩበት አንድ ዝቅ ያለ ረጅም መስኮት ነው። ክቡር ጠበቃ በድሉ ሞቅ ብሏቸው የመኪና ማቆሚያውንም ቦታ ራሳቸው መረጡ። ጭሱና ጩኸቱ ቤቱ ድረስ እንዳይመጣ ብለው ወጣ ካለው ገላጣ ሜዳ ላይ አደረጉት። ያን ጊዜ ማንም ጥያቄ አላነሳም፤ ጠያቂያችን እሳቸው ናቸውና። እኔ ግን ያን በር አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እኒህ ሰው ሲሳሳቱ ማየት።

ቤቱ ተሠርቶ የምረቃው ቀን ደረሰ። ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ለምረቃው የተሰቀለው ጨርቅ እንኳ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። እንግዳው ሁሉ ውጭ ቆሞ ተራራውን ያያል፤ የተጠማዘዘውን መግቢያ እያዩ «ምን አስጠመዘዘው?» የሚሉም ነበሩ። የፓርኩ ኃላፊ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ክቡር ጠበቃ፣ ደንበኛዎ ቀሩ እንዴ?» ሲሉ ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ለመሳቅ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ነፋሱን ሊፈልጉ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ወደ ሰማይ ያነሳሉ፣ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ደግመው ያነሳሉ።

ያ ቀን የእኔ መሆን ነበረበት። ግን አሳዘኑኝ፤ በጣም አሳዘኑኝ። ከቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ የሚያየኝ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ የገዛ ጣቴን በምራቅ አራስኩና አነሳሁ። «ንፈስ እንጂ!» አልኩት። «ምን አለበት ብትነፍስላቸው?»

ከሰዓት በኋላ መጣ። አመጣጡም እንደ ባለዕዳ አልነበረም፤ ባርኔጣውን ሁሉ ጠራርጎ፣ ጥቁሩን አቧራ አንስቶ መጣ። እንግዳው እየተጋፋ በተጠማዘዘው መግቢያ ገባ። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። የሻዩ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሰዉ በዝቅተኛው መስኮት በኩል ተራራው በአቧራ ሲጋረድና ሲገለጥ ቁጭ ብሎ ያያል። መስኮቴ ከበሩ ይልቅ ያምር ነበር። የፓርኩ ኃላፊ ተነስተው ክቡር ጠበቃን ጨበጧቸው፤ ሁላችንም አጨበጨብን፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ።

ጭብጨባው ሊያልቅ ሲል ያቺ እጅ ተነሳች።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ» አሉ፣ ዓይናቸው ከመስኮቱ ውጭ ነው። «ሰዎቹ ሲሄዱስ?»

ወደሚያዩበት አየን። የኃላፊው ሾፌር ገላጣው ሜዳ ላይ የመኪናውን በር ሲከፍት ነፋሱ ከእጁ ነጥቆ ወደ ፊት ቀለበሰው። በሩ እንደ ተሰበረ ክንፍ ተንጠለጠለ።

«መኪና ማቆሚያውን እዚያ ያደረገው ማነው?» አሉ ክቡር ጠበቃ ዝግ ባለ ድምፅ።

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። ስመኘው የኖርኩት ቀን ይኸው መጣ፤ የምለውንም ነገር ከድሮ ጀምሮ አዘጋጅቼ ይዤ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይነሱ ጋሼ፣ በር እንያዝላቸው።»

ወጣን። እንግዳው አንድ በአንድ ወደ መኪናው ሲመጣ አንዳችን በሩን ጨብጠን፣ ሌላችን ሰውየውን ደግፈን አስገባን። አቧራው ጥርሳችን መሃል ይንቀጫቀጫል። ዞር ብዬ ሳያቸው ክቡር ጠበቃ በደስታ ፊታቸው በርቷል። የተረቱት እሳቸው ቢሆኑም የረታው ደንበኛቸው ነው።

«ነፋሱን አትናቁት ብያችሁ አልነበረም?» ብለው ጮሁ።

«ብለውናል፣ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «አጥብቀው ይያዙ!»