የማን ቫይረስ ነው?

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ያሉት አበው ስለ ሰው የሆድ ዕቃ ብዙም አያውቁም ነበር። ሰው ከዘመዱ ጋር የሚዋደደው ከቆዳው ውጭ ነው። ውስጥ ሲገባ ሌላ ሕግ አለ፤ እዚያ የእናትህ ልጅም ብትሆን ባዕድ ናት። እኔ ይህን የተማርኩት በገዛ ሆዴ ነው።

ኩላሊቶቼ አልሠራም ሲሉ ታላቅ እህቴ አስካለ አንዱን የራሷን ሰጠችኝ። አስካለ ቡራዩ አትክልት ትሸጣለች፤ ለወንድሟ እንኳ አንዲት ሽንኩርት የማትመርቅ ሴት ናት። ኩላሊቷን ስትሰጥ ግን ሁለቴ አላሰበችም። ሰውነቴ ታዲያ ይህን ውለታ እንደ ወረራ ቆጥሮ እንዳይነሳባት፣ የውስጥ ዘበኞቼን የሚያስተኛ ክኒን ዕድሜ ልክህን ዋጥ ተባልኩ። ችግሩ፣ ዘበኛ የሚተኛው ለዘመድ ብቻ አይደለም። ሌባም ይገባል።

እኔ የምኖርበት ሱሉልታ ደግሞ እንደምታውቁት ጠያቂ ሞልቷል፤ የሚጠይቀውም ስሞ ነው። ባለቤቴ ጎረቤታችንን ኦቦ ድሪባን እጅዎን ይታጠቡ፣ ራቅ ብለው ይቀመጡ ብትላቸው፣ የገባለት ኩላሊት ነው ወይስ ኩራት ብለው ወጡ። እንዲህ ሰው እያስቀየምን በሩን ስንጠብቅ ትኩሳቱ ከውስጥ መጣ።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ትኩሳቱን ያመጣው ቫይረስ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ዘበኞቹ ነቅተው ሳሉ ኮሽ አይልም፤ ሲተኙ ይነሳል። ከአስካለ ኩላሊት ጋር መጥቶ ይሆናል፤ ድሮም እኔው ጋር ኖሮ ይሆናል። የቫይረሱን መድኃኒት ጀመረችልኝ፤ ዘበኞቹ ነቅተው እንዲያግዙ የሚያስተኛቸውን ክኒን ቀነሰችው። ነቅተው ኩላሊቱን ቢይዙትስ ብዬ ጠየቅኋት።

«የምንፈራውም እሱኑ ነው» አለች።

ለአስካለ እንዳትነግርብኝ ለመንኳት። ለካ አስካለ ከእኔ ቀድማ ሐኪሟን ጠይቃ ኖሯል። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ከአልጋዬ ራስጌ ቆመች።

«በሽታ ነዋ የሰጠሁህ» አለች።

«የራሴ ነው። ከልጅነቴ የነበረ ነው።»

«አንተ ምን የራስህ ኖሮህ ያውቃል? የእኔ ነው።»

በድንበር የሚካሰሱ ወንድማማቾች ባሉበት አገር፣ እኛ በቫይረስ ባለቤትነት ተከራከርን። እኔ እንዳትጸጸት ብዬ፣ እሷ እኔን ማሸነፍ ለምዳ። በመጨረሻ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ይሄኛው ከከዳህ ሌላውም አለኝ» አለች።

ሌላው ለራሷ የቀራት ነው። ሐኪም እንደማይቀበላት ታውቃለች። ግን የምሯን ነበር። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ትኩሳት ዓይን ያስለቅሳል።

ውሎ አድሮ ቫይረሱ ተመልሶ ተኛ። ኩላሊቱ ትንሽ ቢደክምም አልከዳኝም። አስካለ አሁንም ጠዋት ጠዋት ትደውላለች።

«እንዴት አደረች?» ትላለች። ኩላሊቷን ነው።

«ደኅና ናት» እላታለሁ።

ስለ እኔ ጤና ለመጠየቅ ካርዷ አይበቃም።