የጀማል ሁለት አገር

ሰው በጎረቤቱ መኪና ይቀናል፣ በቤቱ ይቀናል። እኔ የምቀናው በጀማል አገር ነው። አገር ያስቀናል እንዴ? ሁለት ሲሆን ያስቀናል።

ጀማል እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ከልብስ ስፌት ቤቴ አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል። የባቲ ኦሮሞ ነው። ባቲን ታውቋት የለ? ዞኗ የኦሮሞ፣ ክልሏ የአማራ፣ ጎረቤቷ አፋር። እዚያ የተወለደ ሰው ምላሱ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከአንዱ ደንበኛ ጋር በኦሮምኛ ይከራከራል፣ ዞር ብሎ ከሌላው ጋር በአማርኛ ይቀልዳል፣ የአፋር ሰው ብቅ ካለም አያፍርም። እኔ አንዷን አማርኛዬን ይዤ መርፌ ላይ አፈጣለሁ።

በቀደም ለእህቱ ሠርግ ባቲ ይዞኝ ሄደ። ከሚኒባስ ገና ሳይወርድ መንደሩ ወጥቶ አቀፈው። እኔ ሻንጣውን ይዤ ቆምኩ። ሐይቅ ስንመለስ ደግሞ የባጃጁ ሾፌር ሁሉ «ጀሚ፣ ጠፋህሳ» ይለዋል። እኔስ? አብሬው ጠፍቼ አልነበረም?

ይሄን ችዬ ሳለሁ የቅሬያችን ዳኛ አረፉ፣ አላህ ይርሐማቸው። ቅሬ ማለት በኛ በወሎ ሬሳ የሚያነሳ፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። ዳኝነቱ ለኔ ነበር የሚገባው። አባቴም አያቴም የተቀበሩት እዚሁ ነዋ! የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ ይማም ግን በስብሰባው ተነሱና ጀማል ይሁን አሉ። ከሁሉም ጋር ይግባባል፣ መቃብር ሲቆፈርም ቀርቶ አያውቅም ብለው።

አንዱ ከኋላ፣ የኔን ልብ ያነበበ ይመስል፣ የባቲ ሰው አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጀማል ብድግ አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። ባቲ ስሄድ የሐይቁ ጀማል ይሉኛል፣ እዚህ ደግሞ የባቲው ትሉኛላችሁ አለ። ከዚያ ወደ ሸህ ይማም ዞረ።

«ስሞት የት ልትቀብሩኝ ነው?»

«እዚሁ ነዋ ልጄ፣ እኔ አጠገብ» አሉት። «የመቃብሩ ዋርካ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ ለአንተ ብዬዋለሁ።»

ጀማል በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። የሰዉ እጅ ሁሉ ወጣ። የኔም ወጣ፤ ምን ላድርግ?

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዘሀራ አወራኋት። ዳኝነቱን ስላጣህ ነው የከፋህ አለችኝ።

አይደለም። ዳኝነቱን ይብላው። እኔ ግን፣ የአገሩ ልጅ፣ ስሞት ፀሐይ ላይ ልተኛ ነው?