ባዶው ግድግዳ

[የማዘጋጃ ቤቱ ክሊኒክ ኮሪደር። የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ መወልወያቸውን ይጨምቃሉ። የሠራተኞች ሰርቪስ ሾፌሩ ቁራጭ ወረቀት አፍንጫው ሥር ይዞ ያነበንባል።]

ሾፌሩ፦ ይቺ "ሐ" ናት ወይስ "ጠ"?

እማማ፦ የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ እንዳየኋት ነው የገለበጥኳት።

ሾፌሩ፦ አምና ፊደል የቆጠረ ሰው ማስገልበጤ የኔ ጥፋት!

እማማ፦ የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ባይሆን መቼ ትለምነኝ ነበር? ዓይኔ ደክሟል ብትላቸውስ፣ ልጄ?

ሾፌሩ፦ አይ እማማ፣ የቢሮ ነገር አልገባዎትም። "አያይም" ተብሎ ከተጻፈብኝ መሪውን ይነጥቁኛል።

እማማ፦ ትናንት ፌርማታ ላይ እጄን ሳውለበልብ ጥለኸኝ አለፍክ።

ሾፌሩ፦ ቸኩዬ ነዋ!

እማማ፦ ለቆሻሻ ገንዳው ግን ቆመህ በር ከፈትክለት።

ሾፌሩ፦ ከሩቅ ወፈር ያለ ሰው ይመስላል!

እማማ፦ ለሠራተኛ መነጽር በጀት ተይዟል። የሚጠይቅ ጠፍቶ ሊመለስ ነው አሉ።

ሾፌሩ፦ ወጥመድ ነው! የጠየቀውን ለቅመው ሊያባርሩ። የዋህ ነዎት እኮ። [ከውስጥ ይጠራል] ተራዬ ደረሰ። ይማሩ ከኔ!

[ይገባል። እማማ ከባልዲው አጠገብ ያለውን በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ያቃናሉ። ሾፌሩ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።]

ሾፌሩ፦ ነርሷ "ግድግዳው ላይ ያለውን አንብብ" ስትለኝ አንበለበልኩት! ደቃቃዋን መስመር እንኳ አልማርኩም። አፏን በእጇ ይዛ ቀረች፤ አድንቃኝ ነው።

እማማ፦ [ፎጣውን ገልጠው] ሰሌዳውን እኮ ለማጠብ ከጠዋት አውርጄዋለሁ።

[ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ሰሌዳው ላይ ሊያስነካ ይደርሳል።]

ሾፌሩ፦ ታዲያ... ያነበብኩት?

እማማ፦ ባዶ ግድግዳ።

ሾፌሩ፦ ሆን ብለው! ከሥራ አስወጡኝ!

እማማ፦ ማን ሊያስወጣህ? ነርሷን አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፤ መነጽር ያደረገ ይነዳል። አሁን የመነጽሩን ወረቀት እየሞላችልህ ነው። አርባ ሰው ነው የምትጭነው፣ አንዷ ልጄ ናት። አርባ አንደኛው ደግሞ አንተ ነህ።

ሾፌሩ፦ [ቁራጭ ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ጥሎ] ...መነጽር ያምርብኛል ብለው ነው?

እማማ፦ [ወደ አንባቢ ዞረው] እባካችሁ፣ ሰኞ አዲስ መነጽር ያደረገ ሾፌር በር ሲከፍትላችሁ እንዳትስቁበት። "አምሮብሃል" በሉልኝ። ቅር የሚለው ገንዳው ብቻ ይሁን።