ዝም ያለ ፍሬን

የሚጮኽ ነገር አንወድም። በር ሲያላዝን ዘይት እናጠጣዋለን፤ ሕፃን ሲያለቅስ ጡት እናጎርሰዋለን፤ ስብሰባ ላይ የሚጮኽ ሰው ከተገኘ ደግሞ የኮሚቴ አባል እናደርገዋለን። ዝም ካለልን ተስተካክሏል ብለን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። እኔም እንደ እናንተው ነበርኩ፤ ደባርቅ ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ያለችኝ ሰላማዊ ሰው።

የመኪናዋ የፊት ፍሬን ሸራ ሲያልቅ ባለቤቴ ሰናይት «ጋራዥ ውሰዳት» አለችኝ። እኔ ግን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር። ቪዲዮ ያየ ሰው ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ግቢዬ ውስጥ ራሴው ቀየርኩት። ፍሬኑም ያዘ። ችግሩ፣ በያዘ ቁጥር ይጮኻል። ጩኸቱ ደግሞ የብረት አይመስልም፤ ቀጠን ብሎ ይነሳና መጨረሻው ላይ ይሰበራል፣ ልክ መርዶ እንደሰማች ሴት። አንድ ቀንማ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቅ አለች፤ ማን እንደሞተ ልትጠይቅ።

ከሁሉ የከፋቸው አማቴ እማማ ታንጉት ናቸው። ትንሿ ልጃቸው አዲ አርቃይ ወልዳለች፤ ቅዳሜ ሊማሊሞን ወርደን አራስ ልንጠይቅ ነው። አምና የወለደችው ሳምንት ሳይሞላው አልፎባታል።

«ልጄ፣ ይኸን ልቅሶ ይዘን አራስ ደጅ ልንቆም ነው?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ጩኸቱ ጉዳት እንደሌለው ቪዲዮው ተናግሯል አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ግን ለእሳቸው ስል ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ፈታሁ። ሸራዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፤ ቡሎኖቹን አጠበቅሁ። ራት ቀርቧል ተብዬ ገብቼ በላሁ። ስመለስ ጉሙ ግቢውን ሞልቶት ስለነበር ጎማዎቹን በዳበሳ መልሼ አሰርኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ስወጣ ሁለት የማላውቃቸው ውሾች የፊት ጎማዎቹን ይልሳሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሳባርራቸው ቀና ብለው አዩኝ እንጂ አልጮኹም። ተሳፍረን ስንወጣም በጉሙ ውስጥ እየሮጡ ተከተሉን። ደስ አላለኝም። ከአስፋልቱ ስንደርስ ፍሬኑን ነካ አደረግሁ። መኪናዋ ቀስ ብላ ቆመች። ጸጥ።

«ሰማችሁ?» አልኩ በኩራት።

ምንም አልሰሙም፤ የኮራሁትም በዚሁ ነበር።

ቁልቁለቱ ጀመረ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ረገጥሁ። መርገጫው ጠንካራ ነው፣ እንደ ወትሮው እግሬን ይገፋል። መኪናዋ ግን ትሄዳለች። አጥብቄ ረገጥሁ፤ ትሄዳለች። ማርሽ ቀነስሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት ሳብሁ፣ ወደ ተራራው ጥግ ተጠጋሁ። የፊት ጎማዋን ቦይ ውስጥ ከትታ ቆመች። በገደሉ በኩል ያለውን ጉም ለማየት አልዞርኩም።

እኔና ሰናይት ስንወርድ ሽታው ተቀበለን። ቅቤ እየተነጠረ ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ ሳይቀር ይሸታል። ቤት የለም፣ ሰው የለም፤ ከገደሉ ሥር ጭላዳ ዝንጀሮዎች እንደ ሰው ሲያጉረመርሙ ብቻ ይሰማል። ሰናይት ማማተብ ጀመረች። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ። የማን ጓዳ ነው እዚህ ጉም ውስጥ?

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ታንጉት ከኋላ ወንበር ሳይነሱ። ለአራሷ የያዙትን የንጥር ቅቤ ቅል አቅፈዋል። «ማታ እናንተ ራት ስትበሉ ወጥቼ ብረቱን ቀባሁት። ከዚሁ ላይ፣ ትንሽ ነው። እንዳያለቅስ ብዬ።»

ምን ልበላቸው? ትናንት ዝም ላሰኘው ስታገል ያመሸሁት እኔው ነኝ። ልዩነታችን ለእሳቸው መሳካቱ ብቻ ነው።

ሽቅብ ብዙ ፍሬን አይጠይቅምና መኪናዋን ከቦዩ አውጥተን በአንደኛ ማርሽ ወደ ደባርቅ መለስናት። ከመናኸሪያው ሚኒባስ ተሳፈርን። ጉሙ አሁንም አልተነሳም። ሚኒባሱ መታጠፊያውን ሁሉ ያለ አንዳች ድምፅ ይወርዳል፤ መንገደኛው ያንቀላፋል። እማማ ታንጉት ግን በየመታጠፊያው ጆሯቸውን ወደ ጎማው ዘንበል ያደርጋሉ። በመጨረሻ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙና በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ የዚህኛው ለምን አያለቅስም?»