ራም ጨምሬ ፊደል አጣሁ

በዚህ አገር ዕቃ የሚበላሸው አርጅቶ አይደለም፤ ባለቤቱ ሥራ ሲፈታ ነው። አላምን ካላችሁ ጎረቤታችሁን እዩት። ዓመቱን ሙሉ ሲናገር የኖረው ሬዲዮ፣ ሰውዬው የዓመት ዕረፍት በወጣ በሦስተኛው ቀን ድምፁ ይዘጋል። ምን ሆኖ? "ትንሽ ላጠራው ብዬ ነው" ይላችኋል። እኔ ደግሞ መምህር ነኝ። መምህር ማለት ክረምቱን በሙሉ ሥራ የሚፈታ፣ ለዕቃ እጅግ አደገኛ የሆነ ፍጡር ነው።

በዚያ ክረምት አደጋዬ ያረፈው ኮምፒውተሬ ላይ ነበር። ከይጁቤ፣ ጡረታ ከወጡ አንዲት የቢሮ ጸሐፊ፣ ከወይዘሮ አበቡ የገዛሁት አሮጌ ነው። ሲበራ ያጓራል፤ ባለቤቴ እናኑ "ወፍጮው ተነሣ" ትላለች። አብርቼው ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ስመለስ ገና እየተነሣ ነው። ግን ይሠራል። የተጻፈበትን ያስቀምጣል፣ ሲጠየቅ ያወጣል። ከዚህ በላይ ከአንድ ሽማግሌ ምን ይጠበቃል?

ሆዱ ውስጥ ደግሞ የዋዛ ነገር አልነበረም። የእናኑ አባት፣ የኔታ ይሄይስ፣ ደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው። ቅኔ ቤት ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነውና፣ የኔታ የተናገሩትን ይዘው አያውቁም። አንድ የድሮ ተማሪያቸው ግን በወጣትነታቸው የተቀኙትን ተደብቆ በደብተር ሲለቅም ኖሯል። ሰውዬው ለጥየቃ በመጣ ጊዜ ደብተሩን ለሁለት ሳምንት አዋሰኝ፤ እኔም በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ደብተሩን ይዞ፣ አድራሻ እንኳ ሳይተው፣ ወደ አገሩ ገባ። የኔታ ቅኔውን አሳትመው ለፍልሰታ ለተማሪዎቻቸው ሊያድሉት አሰቡ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ጽሕፈት ለእኔ ከቅኔም በላይ ነበር። የኔታ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ በተገናኘን ቁጥር "ምን ነበር የምታስተምረው?" ይሉኛል። "ጂኦግራፊ።" "እሺ... ሌላስ?" ይሉኛል። ሌላ የለም። ቅኔያቸውን ከጻፍኩ በኋላ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ" ብለውኛል። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

እንግዲህ ሰው "ልጄ" ከተባለ አርፎ አይቀመጥም? አልተቀመጥኩም። ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ጀመረ፣ እኔም ጠመንጃ መፍቻዬን አነሣሁ። እንዲፈጥንልኝ ያገለገለ ራም ገዛሁ፣ ጽሑፉን የሚያኖርበት ሰፊ ሃርድ ዲስክ አስገባሁ፣ ከጓደኛዬ ሲዲ ተውሼ አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩበት። ስገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ፋብሪካው ያባከነው ይሆናል ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ሞኝ እንዳልመስላችሁ፤ የየኔታን ጽሑፍ ወደ አዲሱ ዲስክ ገልብጬ፣ ለጥንቃቄ ሁለተኛ ግልባጭም አስቀምጫለሁ። ከዚያ በኋላ ነው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ውስጡን ለማየት ብዬ የፈታሁት። ውስጡ የምታብረቀርቅ ሳህን አለች። እናኑ አየቻትና "ይቺማ ፊት ታሳያለች" ብላ መስተዋት አደረገቻት።

ለየኔታ ስልክ ደወልኩ።

"የኔታ፣ ኮምፒውተሩን አሻሻልኩት። ራም ጨመርኩለት።"

"ራማን?" አሉኝ።

"አዎ፣ ራም።"

"ከኢዮርና ከኤረር መካከል ያለችውን? የመላእክትን ከተማ?"

"የለም የኔታ፣ ይቺ ትንሽ ናት። ጣት ታክላለች። ውስጡ ናት የምትሰካው።"

"ራማ ጣት ታክላለች?" አሉ። "በል፣ ይህንስ መጥቼ ማየት አለብኝ" ብለው ዘጉት።

በሳምንቱ መጡ። ብቻቸውን አልመጡም፤ የደብራቸውን ቄስ፣ መምሬ ጥሩነህን አስከትለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና ኮምፒውተሩን ቆስቆስኩት። ወፍጮው ጠፍቷል፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም። እናኑን ሳይቀር ገረማት። "ይኸው የኔታ፣ ቅኔዎ" ብዬ ጽሑፉን ነካሁት። ዓይን ሳይርገበገብ ተከፈተ።

የተከፈተውን ግን እኔም አላውቀው። ባርኔጣ የደፋ "ኦ"፣ በራሱ የቆመ የጥያቄ ምልክት፣ ሁለት ነጥብ የተሸከመ "ዩ"፣ ቀለበት ያጠለቀ "ኤ"... ገጹ ከላይ እስከ ታች ይኸው ነው። አንድም የእኛ ፊደል የለም።

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ይህ የማን ነው?" አሉኝ።

"የእርስዎ ነው" አልኩ። እንዲህ ያለ መልስ ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መምሬ ጥሩነህ አንገታቸውን አስግገው አዩና አማተቡ። "ቀለበት አለው" አሉ።

በእኛ አገር ቀለበት ያለው ፊደል ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ክታብ ላይ ነው የሚጻፈው፤ አስማት ነው። የኔታ ብድግ አሉ። "እኔ አርባ ዓመት ከዚህ ነገር ሸሽቼ የኖርሁ ሰው ነኝ። በልጄ ቤት ጠበቀኝ?" ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። እናኑ ምሳ ደርሷል ብላ ብትለምን፣ ብትለማመጥ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

መምሬ ጥሩነህ ክፉ ሰው አይደሉም። በሚኒባስ ሲመለሱ አጠገባቸው ለተቀመጠ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገሩት። ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ሰው ይበቃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የኔታ ደወሉ።

"አንዲት ሴት ላሟ አልታለብ ብላት መጣች። 'የኔታ፣ ከዚያ ከመስኮቱ ትንሽ ይቅዱልኝ' አለችኝ። ምን መስኮት ነው የምትለው?"

"ዊንዶውስን ይሆናል፣ የኔታ። በፈረንጅ አፍ መስኮት ማለት ነው፤ ለመምሬ ነግሬያቸው ነበር።"

"ዛሬ ደግሞ አንድ አባት ልጁን ከጉባኤዬ ሊያወጣ መጣ። እስከ ፍልሰታ ለምኜ አቆየሁት። ስማ፣ ቅኔዬ ቢጠፋ ሌላ እቀኛለሁ። ስሜ ከጠፋ ግን ሌላ ስም አላወጣም። ያን ጽሑፍ በሰው ፊት ላንብበው፣ አምጣልኝ።"

"ልጄ" አላሉኝም። ስልኩን ስዘጋ አፈርኩም፣ ፈራሁም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ... በዚያን ጊዜ አማርኛና ግእዝ በኮምፒውተር ሲጻፍ፣ ከሥር ያለው የፈረንጅ ምልክት ነው። ፎንት የሚሉት ነገር ነው ከላይ የእኛን ፊደል የሚያለብሰው። እኔ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ገልብጬ፣ ልብሱን አንድ ጊዜ እንኳ አልገለበጥኩም። ቅኔው ራቁቱን ቀረ። ፎንቱ የት አለ ካላችሁ፣ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ። ሃርድ ዲስኩ የት አለ ካላችሁ፣ እናኑ ጸጉሯን እያየችበት ነው።

ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄጄ የእነሱን ፎንት ለመንኩና ጫንኩት። ለካ ፎንቱም እንደ ሰው ልክ አለው። ባርኔጣውና ቀለበቱ ጠፋና የእኛ ፊደል መጣ፤ ግን "ጯፐ ኧዥ ቨቋ" ይል ጀመር። እናኑ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

"እስካሁን የፈረንጅ አስማት ነበር" አለች። "አሁን የኛ ሆነ።"

የቀረኝ ይጁቤ ነበር። ወይዘሮ አበቡ ግቢያቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው።

"ፎንቱ ዲስኬት ላይ ነበር" አሉ።

"የት ነው ያለው፣ እትዬ?"

"ይኸውልህ" ብለው በእግራቸው አሳዩኝ። መዳፍ የሚያህለው ጠፍጣፋ ዲስኬት ከሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ገብቷል። ጎንበስ ብዬ ሳወጣው ጠረጴዛው ዘመመና ምስሩ ወደ እኔ ተንሸራተተ። ጭቃውን በሸሚዜ እጅጌ እየጠረግኩ፣

"እትዬ፣ ይህ እስካሁን የሚሠራ ይመስልዎታል?" አልኩ።

"ጠረጴዛ ተሸክሞ የኖረ ዕቃ፣ ፊደል ይከብደዋል ብለህ ነው?" አሉኝ።

እውነትም አልከበደውም። ዲስኬቱ ሁለት ጊዜ ተንቋቋ፣ ሦስተኛው ላይ ፎንቱን ሰጠኝ። ጽሑፉን ስከፍተው ግእዙ እንደ ጥንቱ ተደርድሮ ቁጭ አለ። እናኑን አቅፌ አዞርኳት። አንድ ቅጂ ወረቀት ላይ አውጥቼ ፍልሰታ ሳይገባ ደብረ ወርቅ ወረድኩ።

የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠዋል። መምሬ ጥሩነህ አሉ፣ ልጁን ሊያወጣ የመጣው ገበሬም አለ፣ ሌሎችም ወሬውን የሰሙ ተሰብስበዋል። የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የመጀመሪያውን ቅኔ አነበቡ። መምሬ ጥሩነህ በትከሻቸው በኩል ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ አዩ።

"ንጹሕ ግእዝ ነው" ብለው መሰከሩ። "እኔ ነኝ የተሳሳትሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ገበሬው ጉልበት ስሞ "ልጄ ከርስዎ ዘንድ ይቆያል" አለ። የኔታ ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ ተባረክ" አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ የቆምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሁለተኛውን ቅኔ አነበቡ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። አራተኛው ላይ ከንፈራቸው ብቻ ቀረ። አምስተኛው ላይ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በክንዴ ይዘውኝ ከሰው ራቅ አደረጉኝ።

"ይህን ሌላ ማን አንብቦታል?"

"እኔ ብቻ፣ የኔታ። እኔ ደግሞ ግእዝ አይገባኝም።"

"ተመስገን" አሉ። ቀስ ብለው ወረቀቱን ከፈቱና በጥፍራቸው አሳዩኝ። "እዚህ ላይ ቤት ጎድሏል፤ ስንኙ አንሷል። እዚህ ምሥጢሩ ፈርሷል። እዚህማ... ልጅ ነበርሁ። ተማሪዎቼ ይህን ካዩ በዱላ ሳይሆን በሳቅ ነው የሚገድሉኝ።"

"ላጥፋው እንዴ?"

"ማጥፋትስ ያሳዝናል" አሉና አሰቡ። ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ያ ባለቀለበቱ ጽሕፈት... መመለስ ይቻላል?"

"ይቻላል፤ ግን የኔታ፣ አስማተኛ ይሉዎታል እኮ።"

"ይበሉኝ። አስማተኛ ቢሉኝ ለንስሐ አባቴ እናዘዛለሁ። ቤት አጎደለ ከተባልሁ ግን ለማን እናዘዛለሁ?"