የኦቦ ቱሉ የተጨናነቀ ቤተሰብ

አሰላ ውስጥ ተከራይ ከመሆን ዘመድ መሆን ይቀላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ይህን ደግሞ ማየት ብቻ ሳይሆን ኖሬበታለሁ።

አከራዬ ኦቦ ቱሉ ይባላሉ። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አይጠጡም፣ አያጨሱም፣ አይምሉም። አንድ ድካም ብቻ አለባቸው፤ የኪራይ ግብር ሲነሳ ያማቸዋል። ስለዚህ የቀበሌው ጸሐፊ መጥቶ፣ “ከጓሮ ባሉት ሰርቪስ ክፍሎች የሚኖሩት እነማን ናቸው?” ሲላቸው፣ “ዘመዶቼ” አሉ። እኔ የወንድማቸው ልጅ ሆኜ ተመዘገብኩ። ከኢተያ የመጣው የስንዴ ነጋዴ አማች ሆነ። ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር የሻረግ፣ ልጃቸው ሆና አረፈችው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዕሩን አቆመ። የአባቷ ስም እኮ አያሌው ነው! ኦቦ ቱሉ ግን ዓይናቸውን አላሹም፤ “በወጣትነቴ ጎጃም ነበርኩ፤ ተወኝ” አሉት። ሚስታቸው በር ሥር ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ሦስት ቀን አላነጋገሯቸውም።

እኛስ? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ብለን ዝም አልን። ውጡ ከመባል የወንድም ልጅ መባል አይሻልም?

በዚህ መሃል ክልሉ አቅምን ያገናዘበ የቤት ፖሊሲ ሊያወጣ ነው ተባለ። ረቂቁን የያዙ ባለሙያዎች ሕዝብ ሊያወያዩ አሰላ መጡ። እኔ ልዘግብ ሄድኩ። የሻረግ ደግሞ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ዓይናቸው እየደከመ የሄደ እናት አሏት፤ አገር ቤት ብቻቸውን ናቸው። እንዳታመጣቸው፣ ክፍሏ ውስጥ አልጋው ከገባ በኋላ በሩ እንኳ እስከ ግማሽ ነው የሚከፈተው።

ውይይቱ ቅድሚያ ለማን ይሰጥ በሚለው ጀመረ። አንዱ ባለሙያ፣ “ቀድሞ ለመጣ” አለ። አንድ የአሰላ አዛውንት ብድግ አሉ።

“ልጄ፣ በቆጂ እያለ ቀድሞ ለመጣ ይባላል? መሠረቱ ሳይወጣ ሮጠው ይጨርሱታል እኮ!”

የበቆጂው ተወካይ ተነስቶ፣ “ሁላችንም አንሮጥም፤ እኔ ራሴ በሚኒባስ ነው የመጣሁት” ብሎ ተከራከረ። “ለዚህ ነዋ ያረፈድከው!” አለው አንዱ ከኋላ። እስከ ምሳ በዚህ አለቀ።

ከምሳ በኋላ ሁለት መዝገብ እንዲኖር ተስማሙ። አንዱ ቤት ለሌለው፣ አንዱ በአንድ ግቢ ለተጨናነቀ ቤተሰብ። ቤት የሌለው ሰው እሱም ወላጆቹም በከተማው ቤት እንደሌላቸው ከቀበሌ ደብዳቤ ያመጣል።

የሻረግ በማግሥቱ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ፋይሏን ገልጦ፣ “አባትሽ ኦቦ ቱሉ ባለቤት ናቸው” አላት። አባቴ ጎጃም ነው ብትለው ተቆጣ። “እኚህን የመሰለ ሰው ትክጃለሽ? አታፍሪም?”

እያለቀሰች መጥታ ኦቦ ቱሉን እውነቱን ይናገሩልኝ ብላ ለመነቻቸው።

“ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ” አሉ ኦቦ ቱሉ፣ “እውነቱን ከተናገርኩ ሁላችሁም ባዕድ ትሆናላችሁ። ባዕድ ደግሞ ግቢዬ አላሳድርም።”

ዘመድ ሁሉ ተሰብስበን ዝም በይ ብለን ለመንናት። እኔም ጭምር። እውነት እወዳለሁ፤ ግን ክፍሌ ውስጥ ፀሐይ ይገባል።

ዝርዝሩ ወጣ። ቤት በሌላቸው መዝገብ ላይ አንድም ስም የለም። ለካ የከተማው አከራይ ሁሉ ዘመዱ ብዙ ነው! በተጨናነቁት መዝገብ አንደኛ የወጡት ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ አሥራ አንድ ነፍስ በአንድ ግቢ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተሰጣቸው። ቁልፉን ሲቀበሉ አለቀሱ። እኔም ዘገብኩት።

ሳይውሉ ሳያድሩ ቤቱን ለየሻረግ አከራዩዋት። እናቷን አመጣች። አዲሱን ቤት ማከራየት ክልክል ነውና ጸሐፊው ማን እንደሚኖርበት ሊያጣራ መጣ። በሩን የከፈቱለት የየሻረግ እናት ነበሩ።

“አሃ! የኦቦ ቱሉ የጎጃሟ እርስዎ ነዎት!” አላቸው።

“ማን? የምን ቱሉ? አላውቀውም!” አሉ እናት።

ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ “ሁለተኛ ሚስት፤ ተኳርፈዋል” ብሎ ጻፈ።

ወሬው ኦቦ ቱሉ ቤት ከጸሐፊው ቀድሞ ደረሰ። ሚስታቸው የኦቦ ቱሉን ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ደጅ አስቀመጡ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች ቢለምኗቸውም በሩ አልተከፈተም። ኦቦ ቱሉ ቀበሌ ሄደው ቤት የለኝም ብለው ደብዳቤ ቢጠይቁ፣ “በስምዎ ሁለት ቤት አለ” ተባሉ።

አሁን እኔ ክፍል ውስጥ ናቸው። ፀሐይ የሚገባበትን ጎን ይዘውታል። የሻረግና እናቷ ደህና ናቸው፤ በራቸው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።

ትናንት ጸሐፊው መጥቶ እኚህ ሰውዬ እዚህ ምን ያደርጋሉ አለኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ተከራዬ ናቸው ብል ግብሩ በማን ላይ ሊመጣ ነው?

“አጎቴ ናቸው” አልኩት።